የየስፖርቱ ምልክት ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በወጣት ማዕከልና ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ይህን ክርክር ለሚመሩ የተዘጋጀ ነው፤ "ዓ.ም." ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የአንድ ስፖርት ምልክት ማለት ምን ማለት ነው? ከምርጡ ስፖርተኛ ጋር አንድ አይደለም?

አይደለም። ምርጡ በሰዓት፣ በሜዳሊያና በዋንጫ ይለካል። ምልክቱ ግን የስፖርቱ ስም ሲነሳ ሳይታሰብ አፍ ላይ የሚመጣው ሰው ነው። በሕይወቱ አንድ ግጥሚያ ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው እንኳ ቦክስ ሲባል "መሐመድ አሊ" ይላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ዋናው ዳኛ ስፖርቱን የማይከታተለው ሰው ነው። ተከታታዩን ብትጠይቁት ሰዓትና ዓመት ቆጥሮ ምርጡን ይነግራችኋል። ምልክቱን የምትሰሙት ሰኞ ገበያ ቅመም ከሚሸጡት እናት ነው።

ክርክር የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው። አንዱ "በታሪክ ምርጡ" ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው "አሁን የሚያሸንፈው" ይላል፣ ሦስተኛው የሚወደውን ይጠራል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ይጯጯሃሉ። መድረክ የምትመሩ ከሆነ ከሦስቱ የትኛውን እንደምትጠይቁ ከመጀመራችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ስለ ምልክቱ ናቸው።

ሩጫ ሲባል ማን ነው? አበበ ቢቂላ፣ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?

ርቀቱና የመላሹ ዕድሜ ሳይለይ አይመለስም። ማራቶን ከተባለ አበበ ቢቂላ ነው፣ ብዙም አያከራክርም። ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ በወቅቱ ፈጣን የሆነውን ሰዓት አስመዘገበ። ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ነበር ያለቀው። ሯጮቹ ያለፉት ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ ቆሞ በነበረው ሐውልት አጠገብ ነው፤ አበበ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደውም ወደ መጨረሻው ላይ ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። ሁለተኛው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲደርስ አበበ ሣሩ ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። ከእሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው የለም። ዛሬ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ተሮጧል (የኬንያው ኬልቪን ኪፕቱም፣ ቺካጎ፣ 2023)፤ ቀድሞ የሚጠራው ስም ግን አሁንም የአበበ ነው።

አንድ ስህተት ይታረም። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ አጥቶ አይደለም። የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና በባዶ እግር መለማመድ ስለለመደ ነው። ቶኪዮ ላይ በጫማ ነው የሮጠው። ልጆች ፊት "ድሃ ስለነበረ" እያላችሁ አታስተምሩ፤ የውሳኔውን ብልህነት ያጠፋዋል።

5,000 እና 10,000 ሜትር ላይ ግን ዕድሜ ይወስናል። በሬዲዮ ያደገው ትውልድ ምሩጽ ይፍጠርን ይጠራል። ሞስኮ ላይ በ1980 ሁለቱንም ርቀት ወሰደ፤ በ10,000 ሜትሩ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ድንገት ሲፈተለክ የቀሩት መልስ አልነበራቸውም። "ማርሽ ቀያሪው" የሚለው ስም ከዚያ አጨራረሱ የመጣ ነው። በቴሌቪዥን ያደገው ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴን ይላል። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነበር፤ 25 ዙር ተሮጦ ልዩነቱ ከአጭር ርቀቱ ያነሰ ነው። የኃይሌን ግራ ክንድ አስተውሉ፦ ወደ ደረቱ ጠጋ ብሎ የሚታጠፈው በልጅነቱ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደው ነው ይባላል። ሰው ይህን ከሰዓቱ በላይ ያስታውሰዋል።

ቀነኒሳ በቀለ በቁጥር ኃይሌን ይበልጣል። የኦሊምፒክ ወርቁ 3 ነው፣ የኃይሌ 2። በ5,000 ሜትር 12:37.35 እና በ10,000 ሜትር 26:17.53 ያስመዘገባቸው ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 አልተነኩም። ሆኖም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ያደገው ሰው ቀድሞ "ኃይሌ" ይላል። መጀመሪያ ቤታችን በቴሌቪዥን የገባው እሱ ነው፤ ከሩጫ ውጭም በሆቴሉና በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ስሙ ዛሬም ይጠራል። ቀነኒሳን ምርጥ፣ ኃይሌን ምልክት ብትሉ አትሳሳቱም።

ማሞ ወልዴ ለምን ይረሳል?

ከአበበ ተከትሎ ስለመጣ ነው። ሜክሲኮ ላይ በ1968 ማራቶንን አሸንፎ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ ወርቅ አመጣ፤ በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ወስዷል። አበበ በዚያ ውድድር እግሩን ተጎድቶ አቋርጦ ነበር። ማሞ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲያገኝ ዕድሜው 40 ገደማ ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎ ስሙ ሁለተኛ የሚጠራው ምልክትነት መጀመሪያ ለመጣው ስለሚያደላ ነው። በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ "የኢትዮጵያን ሦስተኛ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያመጣው ማን ነው?" ብላችሁ ብታስገቡ ብዙ ቡድን "አበበ" ብሎ ይወድቃል፤ ጥሩ መለያ ጥያቄ ነው።

ከሴቶቹስ? ደራርቱ ወይስ ጥሩነሽ?

ምልክቷ ደራርቱ ቱሉ ናት፤ በሜዳሊያ የምትበልጠው ጥሩነሽ ዲባባ። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያን ዕለት ካሸነፈች በኋላ የሆነውን ሰው አይረሳም። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ ተመልሳ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርና ደራርቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደራርቱ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት ደገመችው፤ አቴንስ ላይ ነሐስ ጨመረች።

ጥሩነሽ 3 ወርቅና 3 ነሐስ አላት፤ ቤጂንግ 2008 ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን በአንድ ኦሊምፒክ ወስዳለች። ከ25 ዓመት በታች የሆነች ልጅ "ጥሩዬ" ብትላችሁ አትገረሙ። ለሴቶች ማራቶን ከጠየቃችሁ ፋጡማ ሮባ (አትላንታ 1996፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት) በታላላቆች ዘንድ፣ ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ በወጣቶች ዘንድ ትነሳለች፤ ትዕግሥት በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። መጠይቅ ስታዘጋጁ "ሯጭ" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ሴት ሯጭ" ካላላችሁ የሴት ስም እምብዛም አይመጣም።

እግር ኳስ ሲባልስ?

አንድ ስም የለውም። ፔሌ፣ ማራዶና፣ ሜሲና ክርስቲያኖ ሮናልዶ ትውልድን ተከፋፍለውታል። ፔሌ ሦስት የዓለም ዋንጫ (1958፣ 1962፣ 1970) ያነሳ ብቸኛው ተጫዋች ነው፤ የመጀመሪያውን ሲያነሳ 17 ዓመቱ ነበር። ማራዶና 1986 ላይ አርጀንቲናን ለዋንጫ ያበቃበት መንገድ በዘመኑ በነበረ ሰው ልብ ውስጥ አለ። ሜሲ 8 የወርቅ ኳስ (ባሎን ዶር) አለው፣ ሮናልዶ 5። ኳስ የሚታይበት ቤት ውስጥ ብትጠይቁ መልሱ የሚለወጠው በዚያ ሳምንት ማን ግብ እንዳገባ ነው፤ ስለዚህ የጨዋታ ዕለት አትጠይቁ።

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ለብቻው ጠይቁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት መንግሥቱ ወርቁን ይጠራሉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስንወስድ ካገቡት አንዱ እሱ ነው፤ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማ ያን ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ስለመሩ ግን ብዙ ሰው በተጫዋችነታቸው አያነሳቸውም። ወጣቶቹ በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈውን ቡድን ያስታውሳሉ፤ ሳላዲን ሰኢድና አዳነ ግርማ የሚሉ መልሶች ከዚያ ይመጣሉ። የከተማችሁን ምልክት ለማወቅ ደግሞ "ከደሴ ከተማ" ወይም "ከወሎ ኮምቦልቻ" ብላችሁ የክለቡን ስም ጨምሩ።

ለሌሎቹ ስፖርቶች በአጭሩ እነማን ናቸው?

በቦክስ መሐመድ አሊ ነው፣ ተፎካካሪ የለውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አሊ በ18 ዓመቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በዚያው በ1960 ሮም ላይ ነው። የማራቶንና የቦክስ ምልክት የሆኑት ሁለቱ ሰዎች ስማቸው የተነሳው በአንድ ኦሊምፒክ ነው ማለት ነው። ኋላ አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ጣለው። አፍሪካ ምድር ላይ መሆኑ ስሙን በዚህ አህጉር አጽንቶታል።

በአጭር ርቀት ዩሴን ቦልት ነው፤ በ2009 በርሊን ላይ የሮጣቸው 9.58 እና 19.19 እስካሁን አልተሰበሩም። የኦሊምፒክ ወርቁ 8 እንጂ 9 አይደለም፤ የ2008ቱ የዱላ ቅብብል ወርቅ በቡድን ጓደኛው የአበረታች መድኃኒት ጉዳይ በ2017 ተነጥቋል። በቅርጫት ኳስ ማይክል ጆርዳን፣ 6 ዋንጫ፤ በነጥብ ብዛት ሌብሮን ጄምስ ቢበልጠውም። በውሃ ዋና ማይክል ፌልፕስ፣ 28 ሜዳሊያ፣ 23ቱ ወርቅ። በጎልፍ ታይገር ዉድስ። በመኪና ውድድር ሚካኤል ሹማከርና ሉዊስ ሃሚልተን እኩል 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናቸው፤ ታላላቆቹ ሹማከር ይላሉ። በሜዳ ቴኒስ ጆኮቪች በ24 ታላላቅ ዋንጫዎች ቢመራም ብዙ ሰው ፌደረር ወይም ሴሬና ዊሊያምስ ይላል።

በጂምናስቲክ ሲሞን ባይልስ የዘመኑ ናት። ናዲያ ኮማኔች ግን አንድ ምስል ትታ አልፋለች፦ ሞንትሪያል 1976 ላይ የ14 ዓመቷ ልጅ ሙሉ 10 ስታገኝ ሰሌዳው ያን ያህል ቁጥር እንዲያሳይ ስላልተሠራ 1.00 ብሎ ወጣ። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋባ። በብስክሌት ፈረንጆቹ ኤዲ መርክስን ይጠራሉ፤ በእኛ አካባቢ ግን በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን የነጥብ መሪ ማልያ የለበሰው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እየቀደመ ነው። በበረዶ ላይ መንሸራተት ለኢትዮጵያ ስም ከተጠየቀ ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።

በፈረንጅ ቴሌቪዥን "በቀለ"፣ "ዲባባ" ሲሉ ማንን ማለታቸው ነው?

የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ነው። ለእኛ ቀነኒሳ ቀነኒሳ ነው፤ በቀለ አባቱ ነው። ይህ ልዩነት መልስ ስትሰበስቡ ችግር ያመጣል። "ዲባባ" የሚል መልስ ከመጣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ ወይም እጅጋየሁ ልትሆን ትችላለች፤ ሦስቱም እህትማማች ናቸው፣ ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላቸው። "ግርማይ" ከተባለ ቢንያም (ኤርትራ) ወይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ሊሆን ይችላል፤ ዝምድና የላቸውም፣ የአባታቸው ስም ገጥሞ ነው። "ሮናልዶ" ከተባለም ብራዚላዊው ወይስ ፖርቱጋላዊው?

መፍትሔው ቀላል ነው። የተባለውን እንደተባለ ጻፉ፣ ከዚያ "የትኛው?" ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ። ስም እየዘረዘራችሁ አታማርጡ፤ ያኔ መልሱ የእናንተ ይሆናል።

በየመጽሐፉ ዓመቱ የሚለያየው ለምንድን ነው? አበበ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ነው ወይስ በ1953 ዓ.ም.?

በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ግን በአንድ ቀን ልዩነት። የሮም ማራቶን የተሮጠው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሆነ። የድሉ ወሬ የተሰማውና የተዘፈነው በአዲሱ ዓመት ስለሆነ "በ1953" የሚሉ አሉ። በውድድር ላይ የምትዳኙ ከሆነ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.ን ትክክለኛ አድርጋችሁ ያዙ።

ለሌሎቹ ሒሳቡ ይኼ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 (ታኅሣሥ 22 ገደማ) ለሚውል ውድድር ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ፤ ከጃንዩዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለሚውል 8 ቀንሱ። የሲድኒው 10,000 ሜትር ሴፕቴምበር 25 ቀን 2000 ስለሆነ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የቶኪዮው ማራቶን ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ሰው መስከረምና ጥቅምት ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓመት ይስታል። የጥያቄ ወረቀት ላይ "እ.ኤ.አ." ወይም "ዓ.ም." ሳትጽፉ ዓመት አታስቀምጡ፤ ከተወዳዳሪ ጋር የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

በሰፈራችን ራሳችን መጠይቅ ማድረግ ብንፈልግ እንዴት ነው የሚደረገው?

60 ሰው ይበቃል፦ 20 ከ25 ዓመት በታች፣ 20 ከ25 እስከ 45፣ 20 ከዚያ በላይ፤ በየምድቡ ግማሹ ሴት ይሁን። በአንድ ቦታ አትሰብስቡ። ደሴ ላይ ፒያሳን፣ ሰኞ ገበያንና ሸዋ በርን ከፋፍላችሁ ያዙ፤ ሆጤ ስታዲየም በር ላይ ብቻ ከጠየቃችሁ የምታገኙት የኳስ ተመልካች ነው። ኮምቦልቻ ላይ ተማሪውን ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ሠራተኛውን ፋብሪካ ፈረቃ ሲቀየር፣ የቀረውን ከገበያ አግኙ። ወረቀቱ አራት ዓምድ ይኑረው፦ የዕድሜ ምድብ፣ ጾታ፣ መጀመሪያ የተጠራው ስም፣ እና "ቶሎ" ወይም "አስቦ"። የመላሹን ስም አትጻፉ፣ አያስፈልግም።

አጠያየቁ አንድ ዓይነት ይሁን። ለእኩያ "ቦክስ ስልህ ማን ትዝ አለህ?"፣ "ማን ትዝ አለሽ?"፤ ለታላቅ "አባባ፣ ቦክስ ስልዎት ማን ትዝ አለዎት?" ሦስት ሰከንድ ውስጥ የመጣው "ቶሎ" ነው፣ ከዚያ ያለፈው "አስቦ"። "አላውቅም" ካሉ "አላውቅም" ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም መልስ ነው፣ አትጣሉት። ለአንድ ሰው ከስምንት ስፖርት አታሳልፉ፤ ይሰለቻል፣ የመጣለትን ይወረውራል። ደግሞ ቅደም ተከተሉን በግማሹ ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ለማራቶን "አበበ" ያለ ሰው ቀጥሎ 10,000 ሜትር ሲጠየቅ ያንኑ አበበን ይደግማል።

ቡና ላይ አትጠይቁ። አቦሉ ቀርቦ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ሳለ መጀመሪያ ጥያቄው የሚሰጠው ለታላቅ ነው፤ እሳቸው "ምሩጽ" ካሉ የቀሩት ሰባት ሰዎችም አክብረው "እውነት ነው፣ ምሩጽ" ይላሉ። ስምንት መልስ የያዛችሁ ይመስላችኋል እንጂ የያዛችሁት አንድ ነው። ቡናው ሲያበቃ፣ ሰው ሲበተን በር ላይ አንድ በአንድ ጠይቁ።

ስትቆጥሩ "ቶሎ" የተባሉትን ብቻ ቁጠሩ። ከ60ው ከ30 በላይ አንድ ስም ካለ ስፖርቱ አንድ ምልክት አለው። ከ20 እስከ 30 ከሆነ አከራካሪ ነው፤ በዕድሜ ምድብ ለይታችሁ አሳዩት እንጂ አሸናፊ አታውጁ። "አላውቅም" ከ30 ካለፈ ስፖርቱ በከተማችሁ ገና ምልክት የለውም።

ደሴ ከፍታዋ ከአሰላ አያንስም፤ ለምን እንደ በቆጂ አልተጠራችም?

ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያወጣም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ 2,800 ገደማ። የበቆጂዎቹን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አንድ ያደረጋቸው ከአየሩ በላይ ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት እየመረጠ ለዓመታት ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ ነው። አንድ አሠልጣኝ በአንድ ቦታ ብዙ ዓመት ሲቆይ፣ ታላቁ ሲያሸንፍ ታናሹ ሲያይ፣ ከዚያ ምልክት ይወጣል።

ደሴና ኮምቦልቻ ግን ሌላው የሌለው ነገር አላቸው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል። አሠልጣኞች "ከፍ ብሎ መኖር፣ ዝቅ ብሎ መሮጥ" የሚሉትን በአንድ ታክሲ ማድረግ ይቻላል፦ ደሴ አድሮ ለሳምንቱ ፈጣን ልምምድ ኮምቦልቻ ሜዳ መውረድ። ዝቅ ሲባል ኦክስጅን ስለሚጨምር እግሩ ደሴ ላይ ሊደርስበት የማይችለውን ፍጥነት ይለምዳል። ለረጅሙና ለቀላሉ ሩጫ ደግሞ የቦሩ ሜዳ አፈር አለ። የሐረጎን ቁልቁለት በአስፋልቱ መሮጥ ግን አይገባም፤ የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ረጅም ቁልቁለትም ጉልበትና ጭን ይጎዳል።

በአበረታች መድኃኒት የተያዘ ሰው ምልክት ይባላል?

ይባላል፣ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸውን 7 የቱር ደ ፍራንስ ድሎች በ2012 ተነጥቋል፤ ብስክሌት ሲባል ግን ስሙ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። ሰው ስሙን የሰማው ሲያሸንፍ ነው፤ የመነጠቁ ዜና ያን ያህል አልደረሰም። መጠይቅ ከሆነ የተባለውን መዝግቡ፣ አትሰርዙ፤ ውጤቱን ስትለጥፉ ግን ከስሙ አጠገብ "ድሎቹ ተሰርዘዋል" ብላችሁ ጻፉ። የሽልማት ወይም የፎቶ ግድግዳ ከሆነ አታስገቡት። ለልጆች በሚሰቀል ግድግዳ ላይ ንጹሕ የሮጠው ሰው ቦታ ለተነጠቀ ሰው መሰጠት የለበትም።

መረብ ኳስና ገናስ? ምልክት የላቸውም?

መረብ ኳስ በየትምህርት ቤቱ ይጫወቱታል፣ ስም ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው ዝም ይላል። ኳሱ በአንድ ሰው እጅ አይቆይም፣ ተጫዋቹ ቦታ ይዞራል፣ ግብ አገባ የሚባል ሰው የለም። በባለሙያዎች ዘንድ አሜሪካዊው ካርች ኪራይ ይጠራል፤ በአዳራሽም በአሸዋ ላይም የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ነው። ሕዝብ ዘንድ ግን አልደረሰም። ገናና ጉግስ ደግሞ የሚጠሩት በአካባቢና በወገን እንጂ በአንድ ስም አይደለም። እነዚህን መጠይቅ ውስጥ ስታስገቡ "ማን ትዝ አለህ?" በሚለው ፋንታ "የት ሰፈር ትዝ አለህ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ የሚመጣው ያኔ ነው።

ምልክት ይቀየራል? ታምራት ቶላ የአበበን ቦታ ሊይዝ ይችላል?

ይቀየራል፣ ግን በድል ብቻ አይደለም። ታምራት ቶላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ማራቶንን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ታምራት ተጠባባቂ ሆኖ ነው የሄደው፤ የገባው ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ነው። ይህ ታሪክ ምልክት ለመሆን የሚበቃ ነው። ችግሩ ገና ለልጆች አለመነገሩ ነው።

በአሁኑ ሁኔታ የአበበን ቦታ የሚይዝ አይታይም፤ 10,000 ሜትር ላይ ግን የኃይሌ ስም በወጣቱ ምድብ እየሳሳ ሊሄድ ይችላል። ይህን ማወቅ የምትፈልጉ ያንኑ መጠይቅ በያንዳንዱ ኦሊምፒክ ማግስት መስከረም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የአጠያየቅ ቃል ድገሙት። የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ መጀመሪያ ከ25 ዓመት በታች የሆኑትን ዓምድ ተመልከቱ፤ አዲስ ስም ብቅ የሚለው ከዚያ ነው።